የማይፋቅ መዝገብና የጋብቻ ቃል ኪዳን

መዝገብ የሚለው ቃል በግእዝ ሀብትና ንብረት ተከማችቶ የሚጠበቅበትን ቤት፥ እንዲሁም ድልቡን ራሱን ያመለክታል። በአማርኛ ግን ነገር ሁሉ በጽሑፍ ሰፍሮ ለመታሰቢያ የሚኖርበት ጥራዝ ስም ሆኖአል። ጌታችን በተራራ ላይ ሲያስተምር የሰው ልብ መዝገቡ ባለበት እንደሚኖር የነገረን በፊተኛው ትርጕም ነው። ዳሩ ግን ሁለቱ ትርጕሞች የሚገናኙበት ጊዜ አለ፤ ሰው እጅግ የሚወደውን ነገር ሌባ በማይሰርቀው፥ ብልም በማይበላው ጥራዝ ላይ ለማስፈር ሲመኝ ልቡን ከመዝገቡ ጋራ ያኖራልና።

በዘመናችን ብሎክቼን የሚባል አዲስ ዐይነት መዝገብ ተነሥቶአል። ስሙ እንግሊዝኛ ሲሆን ሲፈታ የጥርብ ድንጋይ ሰንሰለት እንደ ማለት ነው። መጀመሪያ የታወቀው በገንዘብ ነበር፤ ኋላ ግን ፍቅራቸውንና ጋብቻቸውን በርሱ ላይ ጽፈው ለመታሰቢያ የሚያኖሩ ሰዎች ተገኙ። ይህ ነገር ከወጣቶቻችን ጆሮ የራቀ አይደለም፤ ይልቁንም በአሜሪካና በአውሮጳ በሚኖሩት ዘንድ የታወቀ ነው። ስለዚህ አንድ እጮኛ ከእጮኛው ጋራ ወደ ነፍስ አባቱ መጥቶ ቃል ኪዳናችንን በዚህ መዝገብ ብናስጽፍ ነውር አለበትን? ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፥ ካህኑ አላውቅም ብሎ እንዳይመልሰው፥ ወይም ሳያውቅ እንዳይገሥጸው፥ ይህን ትምህርት አዘጋጅተናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን አሠራሩን እንመልከት። በብራና የተጻፈ ነገር ቢፋቅ ፍቀቱ ይታያል፤ ቀለሙም ቢታደስ አዋቂ ሰው ይለየዋል። በኮምፒዩተር የተጻፈ ነገር ግን ቢለወጥ ጠባሳ የለውም። በ1991 ስቱዋርት ሃበርና ስኮት ስቶርኔታ የተባሉ በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሊቃውንት ለዚህ መድኀኒት የሚሆን ጥበብ አሳትመው ገለጡ። ጥበቡም ይህ ነው፤ ሰነዱ በሒሳብ ስሌት ውስጥ ያልፍና አንድ አጭር ቍጥር ይወጣዋል። ይህን ቍጥር የሰነዱ ዐሻራ ብንለው ይስማማዋል። በሰነዱ ውስጥ አንዲት ፊደል ወይም አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ዐሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል፤ ዐሻራውን አይቶ ግን ሰነዱን መልሶ ማንበብ አይቻልም። ከዚህ በኋላ የፊተኛው ሰነድ ዐሻራ በኋለኛው ውስጥ እየገባ ሁሉም እንደ ሰንሰለት ቀለበት ይያያዛሉ። ከመካከል አንዱን ሊለውጥ የሚሻ ሰው ከርሱ በኋላ ያለውን ሁሉ መለወጥ ግድ ይሆንበታል። ሃበርና ስቶርኔታ ይህንንም ለማጽናት ከ1995 ጀምሮ ዐሻራውን በየሳምንቱ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በማስታወቂያ ዐምድ ያሳትሙት ነበር። አንባቢው ምን እንደ ሆነ የማያውቀው የፊደልና የቍጥር ድርድር ነበር፤ ዳሩ ግን ያን ሊያጠፋ የሚወድ ሰው ጋዜጣውን ከየቤተ መጻሕፍቱ ሁሉ መሰብሰብ ይኖርበታል።

ከዚያ በኋላ ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የተሰወረ ደራሲ ይህን ሐሳብ ለገንዘብ አዋለውና ቢትኮይን የተባለውን አወጣ፤ የመጀመሪያው ክፍል ጥር 3 ቀን 2009 የሚለውን ቀን ይዞአል። በአንድ ጋዜጣ ፈንታ መዝገቡ በብዙ ሺሕ ኮምፒዩተሮች ላይ በሙሉ ተገልብጦ ይቀመጣል፤ በዐሥር ደቂቃ ያህልም አንድ አዲስ ቅጠል ይጨመርበታል። ቅጠሉን ለመጨመር መብት የሚያገኘው በስሌት ውድድር ያሸነፈው ነው፤ ለውድድሩም እጅግ ብዙ የኤሌክትሪክ ኀይል ይፈሳል። በዚህ ነገር አገራችንም ድርሻ ነበራት፤ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኀይል ጋራ ተዋውለው የወንዞቻችንን ኀይል ለዚሁ ቈጠራ የገዙ ድርጅቶች ነበሩና። የሚያስገርመው ሌላው ነገር ደግሞ፥ በዚያ በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ የዚያ ቀን የሎንዶን ጋዜጣ አንድ ርእስ ተቀርጾ መገኘቱ ነው። እንግዲህ ከገንዘብ ሌላ ነገርን በዚህ መዝገብ ላይ ለመታሰቢያ መጻፍ ከመዝገቡ ጋራ የተወለደ ልማድ ነው።

መጻሕፍትን ለሚያውቅ ሰው ይህ ጥበብ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። ነቢዩ ኤርምያስ ኢየሩሳሌም ተከባ ሳለች ከአጎቱ ልጅ ከአናምኤል በዓናቶት ያለውን እርሻ በ17 ሰቅል ብር እንደ ገዛ በ32ኛው ምዕራፍ ተጽፎአል። የግዢው ውል በምስክሮች ፊት ከተጻፈ በኋላ አንዱ የታተመ፥ አንዱም የተከፈተ ሆኖ ለባሮክ ተሰጠ፤ ብዙ ዘመን ይኖር ዘንድም በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲቀመጥ ታዘዘ። የተከፈተው ለማንበብ ነው፤ የታተመው የተከፈተው እንዳልተለወጠ ለመመስከር ነው። ዛሬ ሰነድና ዐሻራ ብለን የምንጠራቸው እነዚህን ይመስላሉ። ኤርምያስ ግን አንድ ነገር አልዘነጋም፤ ምስክሮቹ በዚያ ቆመው ነበር፥ እጃቸውንም በውሉ ላይ አኑረው ነበር።

ስለ ፍቅር መታሰቢያ ስንናገርም ምኞቱን ራሱን ከመዝለፍ እንጠንቀቅ። በመኃልየ መኃልይ በ8ኛው ምዕራፍ ሙሽራዪቱ በወዳጅዋ ልብና ክንድ ላይ እንደ ማኅተም ለመሆን ትለምናለች፤ ፍቅርንም ከሞት ጋራ በጽናት ታስተካክላለች። መተርጕማን ይህን ስለ ክርስቶስና ስለ ቤተ ክርስቲያን የተረጐሙት፥ ሰው በሚያውቀው ምኞት የማያውቀው ምሥጢር ሊገለጥ ስለሚችል ነው። የማይጠፋ ነገርን መሻት በሰው ልብ ውስጥ የተቀመጠው በከንቱ አይደለም። የሚሳሳተው የማይጠፋውን ነገር በሚጠፋ ዕቃ ላይ ሲፈልገው ነው። በፓሪስ ከተማ ፖን ደ ዛር በሚባለው ድልድይ ላይ ወጣቶች ስማቸውን የጻፉበትን የጓጕንቸር ቁልፍ ከአጥሩ ላይ እየቈለፉ መክፈቻውን ወደ ወንዙ ይጥሉ ነበር። በሰኔ ወር 2014 ከክብደቱ የተነሣ የድልድዩ አጥር አንድ ክፍል ወደቀ፤ በሰኔ 1 ቀን 2015 የከተማው አስተዳደር ቁልፎቹን ማንሣት ጀመረ፤ ሚዛናቸውም 45 ቶን ያህል እንደ ነበር ተነግሮአል። ፍቅራቸው የጸናላቸውም፥ የፈረሰባቸውም ቁልፍ በአንድ መኪና ተጭኖ ሄደ። እንግዲህ ብሎክቼንን የወደዱ ሰዎች የሚሹት ማንም አስተዳደር የማያነሣውን፥ አጥርም የማይሰብረውን ቁልፍ ነው ብንል እውነቱን አንስትም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። በጥቅምት 5 ቀን 2014 በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት በኦርላንዶ ከተማ ስለ ቢትኮይን በተደረገ ጉባኤ ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተጋቡና የጋብቻቸውን ቃል በቢትኮይን መዝገብ ላይ አስጻፉ። የቃሉ መንፈስ፥ ሰንሰለቱ ዘለዓለማዊ ነውና በመልካሙም በክፉውም ሞት እስኪለየን አንድ እንሆናለን የሚል ነበር። ይህን ነገር ቈም ብለን እናስተውለው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። በ2021 ደግሞ በአይሁድ ሥርዓት በተፈጸመ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ከእውነተኛው ቀለበት ሌላ በኢቴርየም ሰንሰለት ላይ የተቀረጸ፥ በስልክ የሚተላለፍ የምስል ቀለበት ተለዋወጡ። ውሉንም በዕብራይስጥ ጣባዓት አሉት፤ ቀለበት ማለት ነው። መዝገቡ ያጸደቀው በ4 ደቂቃ ያህል ሲሆን፥ የተከፈለበትም ዋጋ ወደ 500 የአሜሪካ ዶላር ይደርስ ነበር።

ከእነዚህ ሁለቱ የተለየና እኛ ከሁሉ ይልቅ የምናመሰግነው የ2018ቱ ሥራ ነው። በኔቫዳ ግዛት የሪኖ ከተማ የምትገኝበት የዋሾ አውራጃ (ስሙ የጥንት የአገሬው ነገድ ስም ነው እንጂ በእኛ ቋንቋ እንደሚሰማው አይደለም) ለተጋቢዎች የጋብቻቸውን ማስረጃ በኮምፒዩተር አዘጋጅቶ፥ ዐሻራውንም በኢቴርየም ሰንሰለት ላይ አትሞ መስጠት ጀመረ። ወደዚያች ከተማ ከሩቅ አገር መጥተው የሚጋቡ ብዙዎች ናቸውና በፖስታ የሚመጣውን ወረቀት ቀናት ቈጥረው ከመጠበቅ ዐረፉ። በዚህ ሥራ ምን ተደረገ? ጋብቻው በሕግ መፈጸሙን ሹሙ አስቀድሞ መረመረ፥ ምስክሮች ፈረሙ፥ መዝገቡም በጽሕፈት ቤቱ ኖረ፤ ሰንሰለቱ ያደረገው ነገር ማስረጃውን ማንም በሐሰት እንዳይለውጠው መጠበቅ ብቻ ነው። ማኅተም የማኅተምን ሥራ ሠራ። በስደት የሚኖሩ ወገኖቻችን የጋብቻ ወረቀታቸው ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲንከራተት፥ እውነተኛው ከሐሰተኛው ጋራ ሲጠረጠር ያዩ ስለ ሆኑ፥ የዚህ ጥቅም ለእነርሱ ሊብራራላቸው አያስፈልግም።

እንግዲህ ልዩነቱ ከወዴት ነው? ሰንሰለቱ ሊመሰክር የሚችለው ይህ ቃል በዚህ ቀን ተጽፎ ነበር፥ ከዚያም ወዲህ አልተለወጠም ብሎ ነው። የተጻፈው ቃል እውነት ይሁን ሐሰት አያውቅም። በአዲስ አበባ ሚስት ያለችው ሰው በዱባይ ወይም በዋሽንግተን ሆኖ ከሌላዪቱ ጋራ ተጋባሁ ብሎ ቢያስጽፍ ሰንሰለቱ በታማኝነት ይይዝለታል፤ ሐሰቱንም ማንም እንዳይፍቀው አድርጎ ያጸናለታል። ሴቲቱ ወድዳ ነው ወይስ ተገድዳ? የሥጋ ዝምድና አለባቸውን? እነዚህን የሚጠይቅ አፍ የለውም። በፍትሐ ነገሥት በ24ኛው አንቀጽ ስለ መተጫጨትና ስለ ጋብቻ የተሠራው ሥርዓት ካህኑ እነዚህን ሁሉ አስቀድሞ እንዲመረምር የሚያስገድደው፥ ከማኅተም በፊት ምርመራ ስለሚያስፈልግ ነው።

ነገር ግን ከዚህ የበለጠ ነገር አለ። ምስክር በግእዝ ሰማዕት ይባላል። ስለ ሃይማኖታቸው ደማቸውን ያፈሰሱትን ሁሉ በዚሁ ስም የምንጠራቸው፥ ምስክርነት የሚያስከፍለው ዋጋ ስላለ ነው። በአገራችን ልማድ ጋብቻ ሲፈጸም በሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራል፥ ሽማግሌ ይቀመጣል፥ ሚዜም ይቆማል። ይህ ለጌጥ የተደረገ የሚመስለው ሰው ቢኖር ባልና ሚስት የተጣሉ ቀን ይጠይቅ። ሚስት አኵርፋ ወደ አባቷ ቤት የሄደች እንደ ሆነ ዋሱ ከእርሻው ተነሥቶ፥ መንገድ አቋርጦ፥ ከደጃፍ ቆሞ ያስታርቃል፤ በመካከላቸው ዕዳ ቢኖር ይጠየቅበታል። ሚዜውም የሙሽራው ወንድም ሆኖ ይቀራልና ሌላው ሊናገረው የማይደፍረውን ይናገረዋል። የነፍስ አባት ደግሞ በምሥጢር የሰማውን በልቡ ይዞ ለሁለቱም ይጸልያል። ብዙ ሺሕ ኮምፒዩተሮች አንድ ቃል ይዘው ቢኖሩ ከእነርሱ አንዱ እንኳ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ደጅ አይመታም። ብዙ ኀይል ያፈሳሉ እንጂ ስለ ባልና ሚስቱ ብለው የሚያወጡት አንዳች ነገር የለም፤ የሚያፈሱት ክፍያ ለማግኘት ነው። እንግዲህ ጠባቂ ናቸው እንጂ ሰማዕት አይደሉም።

በመጽሐፈ ጦቢት በ7ኛው ምዕራፍ ራጉኤል ልጁን ሣራን ለጦብያ ሲሰጥ መጽሐፍ አምጥቶ የጋብቻውን ውል ጻፈ፥ አተሙበትም። ውሉ አስፈላጊ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም ውል አትጠላም። ዳሩ ግን ሣራ ከዚያ በፊት ለሰባት ባሎች ተሰጥታ ነበር፤ ሰባቱም በሠርጋቸው ሌሊት ሞተዋል። ያን ቤት ያዳነው በ8ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው የቅዱስ ሩፋኤል ተራዳኢነትና ሁለቱ በጫጕላቸው ውስጥ ቆመው የጸለዩት ጸሎት ነው። ራጉኤልስ ውሉን ካተመ በኋላ ጦብያም እንደ ፊተኞቹ ሳይሞት አይቀርም ብሎ በሌሊት መቃብር አስቈፍሮ ነበር!

ወደ ኋላ እንመለስበታለን ያልነውን አሁን እናንሣ። በኦርላንዶ የተጋቡት ሰዎች የቃላቸውን ጽናት በሰንሰለቱ ዘለዓለማዊነት ላይ አቆሙት። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተቀላቅሎአል። የመጀመሪያው፥ ሰንሰለቱ ዘለዓለማዊ አይደለም፤ ኮምፒዩተሮቹን የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ማንቀሳቀስ የተዉ ቀን ያበቃል። የማይለወጥ የተባለውም በሰዎች ስምምነት ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን የኢቴርየም ታሪክ ነው። በሰኔ 2016 በዚያ ሰንሰለት ላይ ከተጻፈ ውል ውስጥ አንድ ሰው የአጻጻፉን ስሕተት መንገድ አድርጎ 3 ሚሊዮን ከ6 መቶ ሺሕ ያህል ኢቴር ወሰደ። የሰንሰለቱ ሰዎችም ተከራክረው በሐምሌ 2016 አብዛኞቹ ያ መወሰድ እንዳልተደረገ ሆኖ እንዲቈጠር ወሰኑ፤ ያልተስማሙት ግን አሮጌውን መዝገብ ይዘው ቀሩ። ስለዚህ አንዱ ሰንሰለት ሁለት ሆነ። ከዚያ ቀን አስቀድሞ ጋብቻውን በዚያ ያስጻፈ ሰው ቢኖር፥ ሳይጠየቅ በሁለት መዝገብ የተጋባ ሆኖ ተገኝቶአል ማለት ነው። ሁለተኛውም፥ ሰንሰለቱ ዘለዓለማዊ ቢሆን እንኳ የጽሑፉ ጽናት የሰዎቹን ጽናት አያመጣም። በድንጋይ የተቀረጹት ዐሠርቱ ቃላት ጸንተው ሳሉ ሕዝቡ ጥጃ ሠርቶ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ አንባብያን እንዲያስተውሉልን የምንወደው ግን የማይፋቅ መሆኑን ነው። ሰዎች ይህን እንደ ክብሩ ይናገሩለታል፤ በገንዘብ ነገር ክብር ሊሆን ይችላል። በቅዱሳት መጻሕፍት ግን የማይሻር ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ለመልካም ሲሆን አናየውም። ንጉሥ ዳርዮስ በሜዶንና በፋርስ ሕግ መሠረት የማይለወጠውን ትእዛዝ ካተመ በኋላ ዳንኤልን ሊያድነው ፀሓይ እስክትገባ ድረስ ደከመ፤ የራሱ ማኅተም ግን ከራሱ ፈቃድ በላይ ሆነበትና ወዳጁን ወደ አንበሶች ጕድጓድ አወረደው። በመጽሐፈ አስቴርም አስቀድሞ የተላከው የሞት ደብዳቤ ሊሻር ስላልቻለ መርዶክዮስ ሌላ ደብዳቤ በላዩ ጽፎ ሰደደ። በብሎክቼንም አሠራሩ እንደዚሁ ነው፤ የተሳሳተውን ማረም የሚቻለው ሌላ ጽሑፍ ከኋላ በመጨመር ነው፥ ፊተኛው ግን በነበረበት ይኖራል።

አባቶቻችን ያስተላለፉልንን አንድ ታሪክ እዚህ ላይ ማንሣት ይገባናል። ዲያብሎስ የመጀመሪያዎቹን ባልና ሚስት አዳምንና ሔዋንን ካሳታቸው በኋላ የባርነታቸውን የዕዳ ደብዳቤ በሁለት ድንጋይ ጽፎ፥ አንዱን በዮርዳኖስ ባሕር፥ አንዱንም በሲኦል አኖረው። ለምን በሁለት አደረገው? አንዱ ቢጠፋ አንዱ እንዲቀርለት ነው። ለምን በድንጋይ አደረገው? እንዳይፋቅ ነው። በአንድ ስፍራ የሚኖርን መዝገብ እንዳያምን፥ ቅጂ በሩቅ ለሩቅ እንዲያስቀምጥ ያስተማረው ክፋቱ ነው። ጌታችን ግን በዮርዳኖስ ያለውን በተጠመቀ ጊዜ፥ በሲኦል ያለውንም በስቅለቱ ዕለት ወደዚያ በወረደ ጊዜ ደመሰሰው። ቅዱስ ጳውሎስም ለቈላስይስ ሰዎች በጻፈው በ2ኛው ምዕራፍ በእኛ ላይ የነበረው የዕዳ ጽሕፈት በመስቀል መወገዱን ያስረዳል። እንግዲህ ክርስቲያን ባልና ሚስት ቤታቸውን የሚሠሩት ሊፋቅ በማይችል ጽሑፍ ላይ ሳይሆን፥ በተፋቀ ጽሑፍ ላይ ነው። ባል ሚስቱን በአንድ ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ያሳዝናታል? እርስዋስ ስንት ጊዜ? ይህ ሁሉ ቢጻፍና ባይጠፋ በምድር ላይ አንድ ትዳር ባልቆመ ነበር። ይህን ስንል የጋብቻውን ቃል ራሱን መጻፍ ከበደል መዝገብ ጋራ ማስተካከላችን አይደለም፤ የማይፋቅ መሆን ብቻውን በጎ ነገር እንዳልሆነ ማሳየታችን ነው።

ከዚህም ጋራ የሚታይ አደጋ አለ። በዚያ መዝገብ ላይ በግልጥ የተጻፈ ስም ለዓለም ሁሉ የተነበበ ነው። ከሚደበድባት ባል ሸሽታ በሌላ ከተማ የተሸሸገች ሴት ስሟ ከስሙ ጋራ ለዘለዓለም ታስሮ ሲታይ ምን ይሰማታል? በስምምነት ተለያይተው ምንኵስናን የመረጡ ባልና ሚስትስ? እመቤታችንን ይጠብቅ ዘንድ የታጨላት ጻድቁ ዮሴፍ ነገሩ ባልተገለጠለት ጊዜ እንኳ በአደባባይ ሊያወጣት አልወደደም፤ በልቡ ያሰበውንም መልአኩ በሌሊት አቀናለት። ያሰበውን ባለመጻፉ የሚፍቀው ነገር አልነበረበትም።

ስለ ምስሉ ቀለበት ጥቂት ብለን እንለፍ። እንዲህ ያለው የምስል ንብረት ብዙ ጊዜ በሰንሰለቱ ላይ የሚጻፈው ምስሉ ራሱ ሳይሆን ምስሉ የሚገኝበት አድራሻ ነው፤ ምስሉን ያስቀመጠው ድርጅት ሥራውን የዘጋ እንደ ሆነ ባለ አድራሻው ባዶ ቤት ያገኛል። የባለቤትነቱ ምስጢራዊ ቁልፍ ከጠፋም የሚተካው የለም። በተክሊል ጊዜ ተባርኮ በጣት የሚገባው ቀለበት ግን ቢጠፋም ሌላ ይሠራል፤ ምሥጢሩ በወርቁ አልነበረምና።

መታሰቢያ የሚለውንም ቃል በቤተ ክርስቲያን ትርጕሙ እናስተውለው። ዝክር በእኛ ዘንድ ማስቀመጥ አይደለም፤ ማድረግ ነው። ጌታችን በጸሎተ ሐሙስ መታሰቢያውን ሲሰጠን በሣጥን እንድናኖረው አላዘዘንም፥ እንድናደርገው አዘዘን እንጂ። የሞቱት ወገኖቻችን ተዝካር ስማቸው በቅዳሴ ሲጠራ፥ ድኃም በስማቸው ሲበላ ነው። ጋብቻቸውን ሊያስቡ የሚወዱ ባልና ሚስትም በተጋቡበት ቀን ዓመት ዓመት አብረው ቅዱስ ቍርባን ቢቀበሉ፥ ሚዜዎቻቸውንና ዋሶቻቸውን ጠርተው ከድኃ ጋራ ማዕድ ቢያቀርቡ፥ ያ ቀን በእውነት ታሰበ ይባላል። ማንም ሳይከፍተው በሺሕ ኮምፒዩተር ላይ የሚኖር ጽሑፍ ተጠበቀ ይባላል እንጂ ታሰበ አይባልም።

እንግዲህ ካህኑ ለጠየቁት እጮኞች እንዲህ ብሎ ቢመልስ መልካም ይመስለናል። አስቀድመው ይመርመሩ፥ ንስሓ ይግቡ፥ በሥርዓተ ተክሊልና በቍርባን ይጋቡ፤ የአገሩ ሕግ የሚጠይቀውንም የመዘጋጃ ቤት ምዝገባ ይፈጽሙ። ከዚያ በኋላ ማስረጃቸው እንዳይለወጥባቸው ዐሻራውን በሰንሰለት ቢያሳትሙ ኀጢአት የለበትም፤ ሐሰተኛ ማስረጃ በበዛበት ዘመን ጥቅምም አለው። የክርስትና ስማቸውን፥ የልጆቻቸውን ስም፥ የመኖሪያ ስፍራቸውንና የፍቅር ደብዳቤያቸውን ግን በግልጥ አይጻፉበት፤ ሰነዱን በእጃቸው ይዘው ዐሻራውን ብቻ ያኑሩ። ይህ ይበቃቸዋል፤ ነገሩም ልክ እንደ ኤርምያስ ሁለት ውሎች ይሆናል።

ይህን የሚመክር ካህን ደግሞ አስቀድሞ የራሱን ደብር መዝገብ ይመልከት። በብዙ አጥቢያ የጋብቻ መዝገብ ገጹ የተቀደደ፥ ቀለሙ የገረጣ፥ የሚዜዎቹና የምስክሮቹ ስም ሳይሞላ የቀረ ሆኖ ይገኛል። ባልና ሚስቱ ከዓመታት በኋላ ከባሕር ማዶ ማስረጃ ሲጠይቁ ጸሓፊው የሚያገኘው ባዶ መስመር ከሆነ፥ በዓለም ላይ ያለ ሰንሰለት ሁሉ ሊሞላው አይችልም፤ ዐሻራ ብቻውን ማን ማንን እንዳገባ አይናገርምና። ስለዚህ የተጋቡበት ቀን፥ የሁለቱ የዓለምና የክርስትና ስም፥ የቄሱ፥ የሚዜዎቹና የዋሶቹ ስም በሚጸና ቀለም ይጻፍ። በሁለት ቅጂም ይደረግ፤ አንዱ በሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፥ አንዱም በዕቃ ቤቱ ውስጥ ርጥበትና ምሥጥ በማይደርስበት፥ ከመሬት ከፍ ባለ ሣጥን ይኑር።